ባለሊፍቱና የጠሪዎቹ ምትሃት

የእህቴ ባል ሊፍት ጠጋኝ ነው። ከእሱ ጋር ሊፍት ውስጥ የገባ ሰው ግን ስለ ሊፍት አንዳች ሳይሰማ ነው የሚወጣው። ገና በሩ ሳይዘጋ “ለመሆኑ የጠሪዎቹን ምትሃት ዋጋ የሚከፍለው ማን ይመስልሃል?” ብሎ ይጀምራል። እንግዳው ሰው የሚገባበት ይጠፋዋል፤ አራት ግድግዳ መሀል ቆሞ ደግሞ የት ይገባል? ሁለተኛ ፎቅ መውረድ የነበረበት ሰው ስድስተኛ ድረስ ተወስዶ ማስረጃ ሲሰማ በዓይኔ አይቻለሁ።

እኔ ጋሼ ነው የምለው። እህቴን ሲያገባ እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ፤ እህቴ ካረፈች በኋላም ጋሼነቱ አልቀረም። ሕንጻው አንደኛ ፎቅ ላይ ፀጉር ቤት አለኝ። እሱ ስድስተኛ ላይ ይኖራል፤ ከእሱ በላይ የሊፍቱ ማሽን ክፍልና ሰማይ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ የሚያምንበትን ሁሉ ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አላስፈለገኝም። መስኮት መክፈት በቂ ነው።

መጽሐፉ “የተገለበጠው ተራራ” ይባላል። አንድ መጽሐፍ አይደለም፤ እያንዳንዱ ቅጽ በር ማስደገፊያ የሚሆን ውፍረት ያለው፣ መጀመሪያው ላይ ካርታ፣ መጨረሻው ላይ የነገሥታት የዘር ሐረግ የሰፈረበት ረጅም ተከታታይ ልብ ወለድ ነው። ውስጡ ጠሪዎች የሚባሉ ሰዎች አሉ። ጠሪ የአንድን ነገር ምስጢራዊ ስም ካወቀና በዚያ ስም ከጠራው ነገሩ ይታዘዘዋል፤ ድንጋዩ ይነሳል፣ ወንዙ ይቆማል፣ እሳቱ ይተኛል። ደራሲዋ ሌላውን ሁሉ ዘርዝራ ጽፋ አንዲት ነገር ብቻ ደበቀች። ይህ ሁሉ ጉልበት ከየት ይመጣል? ዋጋውንስ የሚከፍለው ማን ነው? ይህቺን ሳትነግረን አንድ ቅጽ ታወጣለች፣ ከዚያ ለዓመታት ድምጿ ይጠፋል። አንባቢ ደግሞ እጁን አጣምሮ የሚጠብቅ ፍጡር አይደለም።

ጋሼ መልሱን ካገኘ ቆይቷል። ሁለተኛው ቅጽ ላይ አንዲት አሮጊት ጠሪ የፈረሰ ድልድይ ከገደል አንስታ ቦታው ትመልሳለች። ከብዙ ገጽ በኋላ፣ በጣም ሩቅ ስለሆነ ሌላ ከተማ ሲወራ፣ “በዚያው ቀን የደወሉ ማማ ወደ መሬት ሰመጠ” የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። ሰው ሁሉ ልብ ሳይላት ያልፋታል። ጋሼ ግን የሊፍት ሳጥን ሲወጣ ከጀርባው ከባድ ብረት እንደሚወርድ፣ ያ ብረት ባይኖር ሞተሩ ያን ሁሉ ሰው ጎትቶ እንደማይዘልቀው ያውቃል። እንግዲህ ምትሃትም እንደዚያው ነው። እዚህ አንድ ነገር ከተነሳ፣ የሆነ ቦታ ክብደቱ የሚመጣጠን ሌላ ነገር ይወርዳል። ጠሪዋ ምንም አትከፍልም፤ የሚከፍለው የማታውቀው አገር ማማ ነው። ይህን ለማረጋገጥ ድልድዩን ከመጽሐፉ ሥዕል ላይ በማስመሪያ ለክቶ ክብደቱን አስልቷል። ማማውንም እንዲሁ። ተቀራረቡለት። ትንሽ ሲጎድልበት ጊዜ “ለካ ደወሉን ረስቼዋለሁ” ብሎ ደወል ጨመረበት።

ተቃዋሚው ምድር ቤት መድኃኒት ቤት ያላቸው ፋርማሲስት ናቸው። ሰፈሩ ዶክተር ይላቸዋል፤ ጋሼ ብቻ “ዶዝ” ይላቸዋል፤ የእሳቸው መልስ ዶዝ፣ የመድኃኒት መጠን ነውና። በእሳቸው ሐሳብ እያንዳንዱ ጥሪ ጠሪው ሰውነት ውስጥ ይቀራል። ጉበት ላይ እንደሚጠራቀም መድኃኒት ቀስ በቀስ ይከማቻል፤ አንድ ቀን ይገድላል። ማስረጃቸው ጥፍር ነው። አራተኛው ቅጽ ላይ የአሮጊቷ ጥፍር ሰማያዊ ሆኗል።

“የመመረዝ ምልክት ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?” ይላሉ።

“በረዶ ላይ እኮ ነው የቆመችው! ብርድ ነው!” ይላል ጋሼ። “ማማውንስ ምን ልትለው ነው?”

“ማማው አርጅቶ ነው።”

በዚህ ጊዜ የጋሼ የአንገቱ ደም ሥር ይገታተራል።

እኔ እንደታዘብኩት፣ ሰው መጽሐፍ ውስጥ ገብቶ ዞሮ ዞሮ የሚያገኘው የራሱን ሱቅ ነው። ጥግ ላይ ያለው ዳቦ ጋጋሪ ሳይቀር አንድ ሰሞን “ነገሩ እርሾ ነው” ብሎ ሊገባበት ሞክሮ ነበር፤ ሁለቱ ተባብረው አባረሩት። እኔንም ጠይቀውኛል። “ወገብ ድረስ የወረደ የአሮጊቷ ፀጉር ይሄን ሁሉ ቅጽ ሳይታጠብ ከከረመ የሚያመጣው ምትሃት ሳይሆን ቅማል ነው” አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ጠይቀውኝ አያውቁም።

የሚገናኙት ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ እዚያው ማሽን ክፍል ውስጥ። ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች፣ በግሪስ የጠቆረ የእንጨት ሳጥን፣ ከላዩ የሻይ ቴርሞስ። ሞተሩ ሲነሳ ለመሰማማት ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ሲቆም ዝቅ ማድረጉን ይረሱታል። አንድ ቅዳሜ ጋሼ “ዛሬስ በዓይንህ ታያታለህ” ብሎ የላይኛውን በር ከፈተና፣ ፋርማሲስቱን የሊፍቱ ጉድጓድ ጫፍ ላይ አቁሞ ሊፍቱን በእጅ መቆጣጠሪያ ያንቀሳቅስ ጀመር። ሳጥኑ ሲወጣ ብረቱ ሲወርድ፣ ሳጥኑ ሲወርድ ብረቱ ሲወጣ፣ እየደጋገመ። ሳጥኑ ውስጥ የሕንጻው ባለቤት ከአማታቸው ጋር እንዳሉ ልብ ያለ ሰው አልነበረም። አማትየዋ ከዚያን ቀን ጀምሮ በደረጃ ነው የሚሄዱት።

ፋርማሲስቱ መነጽራቸውን አስተካክለው “በጣም አመሰግናለሁ፤ ሊፍት እንዴት እንደሚሠራ ገብቶኛል” አሉት። “የምትሃቱን ደግሞ መቼ ነው የምታሳየኝ?”

እህቴ በሕይወት ሳለች በሁለቱም ትስቅ ነበር። እሷ ስትሞት ጋሼ ከሰው ጋር መነጋገር አቆመ። በዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። ልጃቸው ሥራ ይዞ ርቆ ሄዷል፤ ቤቱ ጭር አለ። ሊያጽናኑ የመጡ ሰዎች “አይዞህ” ሲሉት ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። እኔ የሠራሁለትን ምግብ እንደሠራሁት አገኘዋለሁ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ፋርማሲስቱ መጡ። በሩ ላይ ቆሙ፣ እንዴት ነህ እንኳ አላሉትም፤ “ማማው አርጅቶ ነው የሰመጠው” አሉት።

ጋሼ ቀና አለ። “ውሸት ነው” አለ።

ከቀብሩ በኋላ ከአፉ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እኚህን ሰውዬ የምወዳቸው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው። ከዚያ በኋላም አንድ ቅዳሜ እንኳ ቀርተው አያውቁም።

ታዲያ ባለፈው ዓመት ፋርማሲስቱ መድኃኒት ቤታቸው ውስጥ ወደቁ። ደም ግፊት ነው። ቀኑን ሙሉ ሰውን “በሰዓቱ ይውሰዱ፣ እንዳይረሱ” ሲሉ የሚውሉት ሰውዬ የራሳቸውን ክኒን ይረሱታል። የሚኖሩት ደግሞ ብቻቸውን ነው። ሌላ ከተማ ያለችው ልጃቸው ሰምታ መጣች። ቤቷ ውስጥ አንድ ክፍል ቀለም አስቀብታ፣ አልጋ አስገብታ፣ መጋረጃ ሰቅላ ነው የመጣችው። “ዛሬውኑ እንሂድ” አለች።

“የመጨረሻው ቅጽ ይውጣ” አሏት። “ሲሸነፍ የዚህን ሰውዬ ፊት ሳላይ ንቅንቅ አልልም። በወጣ በማግስቱ እመጣለሁ፤ ቃሌ ነው።”

ደራሲዋን የሚያውቅ ሰው ይህ “መቼም አልመጣም” ማለት መሆኑ ይገባዋል። ልጅቷ ግን አታነብም፤ አመነቻቸው። ጋሼ አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር፤ ሲፍለቀለቅ አይቼዋለሁ። ዓመት ሳይሞላ መጽሐፉ ወጣ።

ያን ሰሞን ሊፍታችን ተበላሸ ተባለ። በየፎቁ “ጥገና ላይ ነው” የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ደንበኞቼ እያለከለኩ ይገባሉ፤ አምስተኛ ፎቅ ያለችው ነፍሰ ጡር በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ጋሼን እየረገመች ትወርዳለች። በማግስቱ እኔም ወደ ላይ ስወጣ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ፎቅ መሀል ከቆመው ሳጥን ውስጥ የሰው ሳል ሰማሁ። በሩን በጡጫ ነረትኩት።

“ጋሼ! እዚያ ውስጥ ነህ?”

ሳሉ ቆመ።

“ጋሼ!”

“ሥራ ላይ ነኝ።”

“ምን ሥራ?”

“ገመዱን እያየሁ ነው።”

ከዚያ ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ።

“ገመድ ገጽ የለውም!” ብዬ ጮህኩ። ነፍሰ ጡሯም ከላይ ሆና አገዘችኝ።

ወደ ማታ ሊፍቱ ተንቀሳቀሰ፤ ጋሼም ወጣ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ቅስሙ እንደተሰበረ ከሩቅ ያስታውቃል። መጽሐፉን መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ከፒንሳዎቹ ጋር አጋድሞታል። ቤቱ ድረስ ተከተልኩት። እኔ ደግሞ ሰው ሲሸነፍ ዝም ማለት አልችልበትም።

“ጥፍሩ ነው አይደል?” አልኩት።

ተቀመጠ። “ጥፍሩ ነው። ገና ሲጀምር ሰማያዊው ክንዷ ድረስ ወጥቷል። በመጨረሻ ይገድላታል።”

“ማማውስ?”

የመሣሪያ ሳጥኑን በእግሩ ገፋ አደረገው። “አርጅቶ ነበር” አለ። “ራሷ ደራሲዋ ጽፋዋለች። ‘አርጅቶ ነበር’ ብላ።”

ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ይቅር ይበለኝ፣ ወንበር እስክይዝ ድረስ ነው የሳቅሁት። ከዚያ “በል ውረድና ንገራቸው፤ ሰውዬው ይደሰቱ” አልኩት። አልናገርም አለ። “ኩራትህ እስከ መቼ ነው?” ብዬ ልቆጣው ስል አቋረጠኝ።

“ከነገርኩት ይሄዳል” አለ። “ለልጁ ቃል ገብቷል። ቅዳሜ ማን ይመጣልኛል?”

“እኔ እመጣለሁ።”

“አንቺማ ትመጫለሽ። ስለ ፀጉር ታወሪኛለሽ።” እንደ መሳቅ ቃጣው፤ አልሆነለትም። “እሱ ከሄደ እንደገና ያ ዝምታ ነው። አልችለውም።”

አንጀቴን በላኝ። በማግስቱ የሰፈራችን መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ ሄጄ፣ ፋርማሲስቱ እንዳያዩት መስኮቱ ላይ የለጠፈውን የመጨረሻውን ቅጽ ማስታወቂያ “ለፀጉር ቤቴ ጌጥ ይሆነኛል” ብዬ ለምኜ ወሰድኩ፤ የሚዋሽ ሰው ካለ የሚያግዝም አያጣም። ቅዳሜዎቹም እንደ ወትሮው ቀጠሉ። ጋሼ ስለ ማማው እየተነሳ ይፎክራል፤ ፋርማሲስቱ ስለ ጥፍር ይመልሳሉ። የሚገርመው፣ ፋርማሲስቱም አንድ ቀን እንኳ “መጽሐፉ መቼ ይወጣ ይሆን?” ብለው አልጠየቁም።

ከነዚያ ቅዳሜዎች በአንዱ ሻይ ይዤላቸው ወጣሁ። ክርክሩ ጦፏል። ፋርማሲስቱ ጣታቸውን ቀስረው “አንተ ሰውዬ፣ አንድ ጆሮ ያለው ጀልበኛ እንኳ የገባውን ነገር!” አሉና ቀጥ አሉ። ጋሼም ቀጥ አለ። ሁለቱም ሞተሩን ማየት ጀመሩ፤ ሞተሩ ደግሞ ቆሟል። ከዚያ ጋሼ ብርጭቆ አነሳና ድምፁን ለስለስ አድርጎ “ስኳር ልጨምርልህ?” አለ። ለፋርማሲስቱ በዚህ ድምፅ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

እሳቸው እንደወረዱ ክንዴን ያዘኝ።

“ጀልበኛው ያለው የመጨረሻው ቅጽ ላይ ብቻ ነው!”

“እና?”

“አንብቦታል! ማሸነፉን ያውቃል! አውቆ ነው ዝም ያለኝ!” በዚያች ጠባብ ክፍል ወዲያ ወዲህ ይል ጀመር። “ታሟል። በጣም ታሟል እንጂ፣ ዶዝ እንዲህ ያለ ነገር አፉ ውስጥ ይዞ አንድ ሰዓት አይቀመጥም። ሂጂና ግፊቱን ለኪው!”

“ጋሼ” አልኩት፤ “እሳቸውም መሄድ አይፈልጉም።”

የአንድ ድልድይ መነሳትና የአንድ ማማ መስመጥ ከመቶዎች ገጽ ርቀት የሚያያይዝ ሰው፣ ይቺን ማያያዝ አቅቶት ከርሟል። ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና የፋርማሲስቱን ግማሽ የቀረ ሻይ ጠጣው።

እንዲህ እየተዋሹ ሊኖሩ ይችሉ ነበር፤ ፋርማሲስቱ እንደገና ባይወድቁ ኖሮ። በዚህኛው ጊዜ ቤታቸው ነው የወደቁት፤ ጠዋት ጽዳት ሠራተኛዋ ስትገባ ነው ያገኘቻቸው። ግንባራቸው ተሰፋ። ጋሼ ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበረውም፤ “እኔ ነኝ እንዳይሄድ የያዝኩት” እያለ ያወራል ብቻውን። ልጅቷም መኪና ይዛ መጣች።

ጋሼ ሳሎን ውስጥ ተሰበሰብን። ፋርማሲስቱ ሶፋው ላይ ናቸው፤ ግንባራቸው ላይ ፋሻ አለ። ልጅቷ የመኪና ቁልፏን እንደጨበጠች ቆማለች።

“አባዬ፣ መጽሐፉ ወጥቷል። ከወጣ ከርሟል። የማላነበው እኔ እንኳ አይቼዋለሁ።”

“ወጣ እንዴ?” አሉ ፋርማሲስቱ። እንዲህ ያለ መጥፎ ተዋናይ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ጋሼን አዩት፤ አንድ ነገር በል በሚል ዓይን።

ጋሼ ምን እያሰበ እንደነበር አውቃለሁ። አልወጣም ቢል፣ አላነበብኩም ቢል፣ ሰውዬው ይቀሩለታል። አንድ ጠዋት ደግሞ ማንም ሳይደርስላቸው ይቀራል። ተነሳ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

“ዶዝ” አለ፤ “ትክክል አንተ ነህ። ጥፍሩ ነው። አንብቤዋለሁ፤ ተሸንፌያለሁ። ሂድ ከልጅህ ጋር።”

ይህን ቃል እናገራለሁ ብሎ ያሰበ ሰው አይመስልም ነበር። ልጅቷ እፎይ አለች። “ሰማህ አይደል አባዬ? አሸነፍክ! በል ተነስ።”

ፋርማሲስቱ ግን ፊታቸው ቀላ። “አላሸነፍኩም” አሉ።

“እሳቸው ራሳቸው እኮ ናቸው ያሉት!”

“እሱ ምን ያውቃል! ማንበብ መቼ ይችልና! ደራሲዋ ማማው አርጅቶ ነበር አለች እንጂ በእርጅና ሰመጠ አለች? ያረጀ ነገር ክብደት የለውም? አሮጊቷ ከፍላለች፤ ሙሉውን ከፍላለች ያለው ማን ነው? የቀረውን የከፈለው ማማው ነው!”

ጋሼ ዝም ለማለት ታገለ። ጥርሱን ሲነክስ አየሁት። አልቻለም።

“ይሄማ ልክ አይደለም” አለ። “ጀልበኛው ምን አለ? ‘ሁሉንም በደሟ ተሸከመችው’ አለ። ሁሉንም!”

“ጀልበኛው ውሸታም ነው!”

“ጀልበኛው ውሸታም ከሆነ ጥፍሩስ? ሰማያዊው ክንዷ ድረስ እኮ ነው የወጣው! ብርድ ነው ልትለኝ ነው?”

“ብርድ ሊሆን ይችላል!”

ጋሼ ስለ ጥፍር ሽንጡን ገትሮ ይከራከራል፤ ፋርማሲስቱ በማማው ይምላሉ። ቦታ መለዋወጣቸውን ያስተዋሉት አይመስለኝም። ልጅቷ አንዴ አባቷን አንዴ ጋሼን ታያለች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

“አባዬ!” አለች ጮክ ብላ። “አሸንፈሃል እኮ! ስንት ዓመት ሙሉ የጠበቅከው ነው! ለምንድነው የማትቀበለው?”

ፋርማሲስቱ ቆሙ። ፋሻቸውን ነካ ነካ አደረጉ።

“አንቺ ቤት ሄጄ ማሸነፌን ለማን ልነግረው ነው ልጄ?” አሉ። “ይሄ ማሸነፍ መሆኑን የሚያውቅ ከእሱ ሌላ ሰው የለም።”

ሊፍቱ ከታች ሲነሳ ሰማን።

ጋሼ ወደ ኮሪደሩ አመለከተ። “የልጄ ክፍል ባዶ ነው” አለ ቀስ ብሎ። “እዚህ ይሁን። ብቻውን አይሆንም። እኔም ብቻዬን አልሆንም።”

ልጅቷ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ጀርባዋን ሰጠችን። ከዚያ ስልኳን አወጣችና ባሏ ዘንድ ደወለች። “ያ ክፍል” አለችው፤ “ልጆቹ ይግቡበት። አይ፣ ደህና ነው። አይመጣም።” ስልኩን ከዘጋች በኋላ ዓይኗን ጠራረገች፣ መጥታም ጋሼ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

“ጋሼ፣ ሌሊት ይነሳል። የኮሪደሩን መብራት አያጥፉበት።”

“እሺ ልጄ።”

“ክኒኑን ወሰድኩ ይላል፤ አይወስድም። በዓይንዎ ካላዩ እንዳያምኑት።”

“እሺ።”

“ሲናደድ ደግሞ ግፊቱ ይጨምራል። እባክዎ አያናዱት።”

ጋሼ እሷን አየ፣ ፋርማሲስቱን አየ፣ እንደገና እሷን አየ። “ልጄ” አለ፤ “መብራቱን አላጠፋም። ክኒኑንም ፊቱ ቆሜ አስውጠዋለሁ። ይሄኛውን ግን ቃል ልገባልሽ አልችልም።”

ልጅቷ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ። ተነስቼ አቀፍኳት። ሁለቱ ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፍተው ምንጣፉን ያያሉ።